ልጅን በሰፈር ትምህርት ከሙዚቃ፣ ከውዝዋዜና ከትወና ጋር ማስተዋወቅ፦ ለወላጆች የተዘጋጀ መመሪያ

ለቡሄ በትራቸውን መሬት ላይ እየመቱ «ሆያ ሆዬ» እያሉ በየደጁ የሚዞሩ ወንዶች ልጆችና በእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ይዘው የሚዘፍኑ ሴቶች ልጆች አንድ አውጪና ብዙ ተቀባይ ያለበትን ሥርዓት ትምህርት ቤት ሳይገቡ ይከውናሉ። ምት ይጠብቃሉ፣ ግጥሙን እንደ ባለቤቱ ሁኔታ ይለዋውጣሉ፣ ማን እንደሚያወጣና ማን እንደሚቀበል በመካከላቸው ይስማማሉ። ስለዚህ ልጁን ወደ ክወና ጥበብ ትምህርት የሚወስድ ወላጅ ከባዶ እንደማይጀምር ይወቅ፤ የሚፈልገው ልጁ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያደርገውን ነገር በየሳምንቱ፣ በሥርዓትና በሚያውቅ ሰው እጅ እንዲያደርገው ነው።

ከዚህ በታች የተጻፈው በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የኪነ ጥበብ ክበብ ሳስተባብር ካየሁትና ሁለት ልጆቼን ወደ ትምህርት ሳመላልስ ከተማርሁት የተወሰደ ነው። የማውቀው ከተማ አዲስ አበባ በመሆኑ ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከዚያው ናቸው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ለጀማሪ ልጅ የሚበጀው ስመ ጥሩው ትምህርት ቤት ሳይሆን ሳያቋርጥ በየሳምንቱ ሊሄድበት የሚችለው ክፍል ነው። ቀጥሎ ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ከዚህ እምነት የተነሡ ናቸው።

ከምዝገባ በፊት ልጁን መመልከት

ልጁን የት እንደሚያስመዘግቡ ከመጠየቅዎ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያህል ዝም ብለው ይመልከቱት። ዘፈን ሲሰማ ጠረጴዛ የሚመታ፣ የሰማውን ዜማ ሳይሳሳት የሚያንጎራጉር፣ የእንግዳውን አነጋገር እንግዳው ከወጣ በኋላ የሚቀዳ፣ ወይም ሶፋው ላይ የሚገለባበጥ ልጅ እያንዳንዱ ወደየት እንደሚያዘነብል ይናገራል። ተረት ሲነገረው የአንበሳውንና የጦጣውን ድምፅ ለይቶ የሚመልስ ልጅ ለትወና ቅርብ ነው። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርተ ዓመታት ለልጆች ተረት የነገሩት አባባ ተስፋዬ ራሳቸው የመድረክ ተዋናይ እንደነበሩ ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ተረት መናገርና መተወን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

በዚሁ ጊዜ ልጁን አንድ ትያትር ያሳዩት። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ትያትር ሁለቱም መሐል ከተማ የሚገኙ ሲሆኑ፣ የሕፃናትና ወጣቶች ትያትር ደግሞ ስሙ እንደሚያመለክተው ለዚህ ዕድሜ የታሰበ ቤት ነው። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የዕለቱ ተውኔት ለልጅ የሚመጥን መሆኑን በር ላይ ይጠይቁ። ከተቻለ የተዋናዮቹ ፊትና እጅ በደንብ በሚታይበት ረድፍ ይቀመጡ። ከወጡ በኋላም «ወደድከው?» ብለው አይጠይቁት፤ ልጅ ለዚህ ጥያቄ አዎ ብሎ ይገላገላል። «ሴትዮዋ ስትናደድ እጇን ምን አደረገችው?» ብለው ቢጠይቁት ግን ተነሥቶ ያሳይዎታል።

በአካባቢው ምን እንዳለ ማጣራት

ፍለጋውን ከልጁ ትምህርት ቤት ይጀምሩ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የዕይታ ጥበባት ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት በመሆኑ የሚያስተምሩት መምህር ወይም መምህርት ሰፈሩ ውስጥ ማን ምን እንደሚያስለምድ ከሌላው ሰው ቀድመው ይሰማሉ። የሙዚቃና ድራማ ክበብ ወይም ሚኒ ሚዲያ ካለም ልጁ ያለ ምንም ክፍያ አንድ ወሰነ ትምህርት እዚያ ይቆይ። በየወረዳው ያሉ ወጣት ማዕከላት ደግሞ እንደ አካባቢው የውዝዋዜ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ወይም የሰርከስ ልምምድ ስለሚያካሂዱ በአካል ሄዶ የቅዳሜና የእሑድ መርሐ ግብራቸውን መጠየቅ ይጠቅማል።

የእምነት ተቋማትን አይርሱ። በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር የሚያጠና፣ ከበሮና ጽናጽል የሚይዝ፣ በበዓል ቀን በመንፈሳዊ ድራማ የሚሳተፍ ልጅ፣ እንዲሁም በመድረሳ ነሺዳ የሚያጠና ልጅ በብዙ ሰው ፊት መቆምንና ከሌሎች ጋር እኩል መተንፈስን ይማራል። በገና ለመማር ለሚፈልግ ልጅም ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ከሚገኙ መምህራን የቀረበ የለም።

በግል የሚያስተምር ሰው ከፈለጉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለውን ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትና የዩኒቨርሲቲውን የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ያስቡ። የእነዚህ መደበኛ ትምህርት ለትልልቆች ነው፤ ይሁን እንጂ ከእነርሱ የተመረቁና ገና በመማር ላይ ያሉ ወጣቶች በትርፍ ሰዓታቸው ልጆችን ስለሚያስተምሩ እንደ መነሻ ጥሩ ናቸው። አካሉ ለማያርፍ ልጅ ሰርከስ አለ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ ከተጀመረው ሰርከስ ኢትዮጵያ ወዲህ በተለያዩ ከተሞች ብዙ የሰርከስ ቡድኖች ተፈጥረዋል።

ያገኟቸውን ሁሉ ከዘረዘሩ በኋላ በርቀት ይለዩአቸው። ከቤትዎ በእግር ወይም በአንድ ታክሲ የማይደረስበትን፣ ደርሶ መልሱ ከትምህርቱ የሚረዝመውን ከዝርዝሩ ያውጡት። ይህን የምለው ዋጋ ከፍዬበት ነው። የመጀመሪያ ልጄን ስሙን ሁሉም ሰው ወደሚያውቀው ቦታ፣ በሁለት ታክሲ እያመላለስሁ ለኪቦርድ አስመዘገብኋት። ክፍሉ ውስጥ በአንድ ኪቦርድ ዙሪያ አሥራ አራት ልጆች ነበሩ፤ ስልሳ ደቂቃው ለአሥራ አራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ልጅ አራት ደቂቃ ገደማ ይደርሰዋል። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ልጄ ቅዳሜ ጠዋት ሆዷን እንደሚያማት መናገር ጀመረች። በኋላ ከቤታችን አሥር ደቂቃ በእግር የሚኬድበት፣ አምስት ልጆች ክራር የሚማሩበት አንድ ጠባብ ክፍል አገኘን፤ እዚያ ሦስት ዓመት ቆየች።

ዕድሜንና መሣሪያን ማመዛዘን

ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያለ ልጅ በጨዋታ፣ በጭብጨባና በተረት ውስጥ ያለው ትምህርት ይበቃዋል። ለዚህ ዕድሜ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ የተገለበጠ ባልዲ ጥሩ ከበሮ ይሆናል። ከሰባት ዓመት ጀምሮ ውዝዋዜ፣ ድራማ፣ ክራርና ዋሽንት መጀመር ይቻላል። ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር ስላለውና ቀላል ስለሆነ ልጅ ያቅፈዋል። ዋሽንት ብዙውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ያለው ሲሆን እንደ ርዝመቱ ድምፁ ስለሚለያይ ነፊዎች ብዙ ዋሽንት ይይዛሉ፤ ለልጅ አጭሩን ይምረጡ፣ ምክንያቱም በረጅሙ ላይ ቀዳዳዎቹ ስለሚራራቁ ትንንሽ ጣቶች አይደርሱም። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ስላለው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ድምፁን የሚፈጥረው የጣት አቀማመጥና የመምቻው አሳሳብ በመሆኑ ጆሮው ጥቂት የበሰለ ልጅ ይሻለዋል። አሥር አውታር ያለው በገና ደግሞ ከቁመቱ የተነሣ አሥር ዓመት ላልሞላው ልጅ ይከብዳል። ቫዮሊን ከመረጡ ለልጆች ተብለው የሚሠሩ ትንንሽ መጠኖች አሉ፤ «ያድግበታል» ብሎ ትልቁን መግዛት የልጁን ትከሻና አንገት ይጎዳል።

መሣሪያውን በመጀመሪያው ወር ባይገዙ ይመረጣል። ከመምህሩ ይዋሱ ወይም ይከራዩ። ሲገዙም መምህሩን ይዘው ይሂዱ፤ ለጌጥ የተሠራ ክራር ሲያዩት ያምራል፣ መቃኛው ግን ስለማይዝ ልጁ ያልተቃኘ ድምፅ እየሰማ ጆሮው ይበላሻል።

አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተቀምጦ መመልከት

ከሁሉም እርምጃዎች መዘለል የሌለበት ይህ ነው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጠው እንዲያዩ ይጠይቁ። የማይፈቅድ ቦታ ቢያጋጥምዎ አመስግነው ይውጡ።

ባለፈው ክረምት አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ የመጀመሪያ የዋሽንት ትምህርቷን ስትወስድ ከጀርባዋ ተቀምጬ ነበር። ዋሽንት አፍ ውስጥ ገብቶ የሚነፋ አይደለም፤ ጫፉ ከንፈር ላይ ሰያፍ ተደርጎ እስትንፋሱ ጠርዙን ሲመታ ነው ድምፅ የሚወጣው። ልጅቱ አራቱንም ቀዳዳዎች በጣቶቿ ደፍና ደጋግማ ነፋች፣ የወጣው ግን ነፋስ ብቻ ነበር፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። መምህሩ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከቀዳዳዎቹ ላይ እንድታነሣ ነገራትና «አሁን ጣትሽን እርሺው፣ ጠርዙን ብቻ ፈልጊ» አላት፤ ከዚያም የራሱን ዋሽንት ከንፈሩ ላይ በጥቂቱ እያንሸራተተ አሳያት። ከትንሽ ጊዜ በኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ ወጣ። መምህሩ አላጨበጨበም፤ «ያው ነው፣ ድገሚው» ብሎ ወደሚቀጥለው ልጅ አለፈ። እሷም እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ ያንኑ አንድ ድምፅ ስታጠፋና ስታገኝ ቆየች፤ ስትወጣ እናቷን «እማዬ፣ ወጣልኝ» አለቻት።

ተቀምጠው የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ነገር ነው። መምህሩ ችግሩን ከፋፍሎ ቀላሉን ክፍል ብቻ ያስቀድማል ወይስ ሙሉውን ዜማ እየተጫወተ ያስደምማል? ልጆቹ ከሰዓቱ ምን ያህሉን በመሥራት፣ ምን ያህሉን ተራ በመጠበቅ ያሳልፋሉ? የተሳሳተው ልጅ ይሳቅበታል? ሳቁ ሲነሣስ መምህሩ ምን ይላል? በውዝዋዜ ክፍል ደግሞ ሰውነት ማሟሟቂያ መኖሩን ይመልከቱ። ጥሩ የእስክስታ መምህር መጀመሪያ እጅን ወገብ ላይ አስይዞ፣ ትከሻን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ላይ በዝግታ ጭብጨባ ለየብቻ ያስለምዳል፤ ጀማሪ ሁሉ አንገቱንና ትከሻውን አንድ ላይ ስለሚያንቀሳቅስ እነዚህን ማለያየት ሳምንታት ይወስዳል። በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ጭፈራ የሚያስጨፍር ክፍል ልጆቹን ያስደስታል፣ ትከሻውን ግን አያስተምርም። በሰርከስ ክፍል ፍራሽ መኖሩን፣ ወለሉ አለመንሸራተቱንና አንድ ልጅ ሲገለበጥ የሚደግፈው ትልቅ ሰው መኖሩን ሳያረጋግጡ አያስመዝግቡ።

በድራማ ክፍል አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ልጆቹ የትልቅ ሰው ንግግር እየሸመደዱ ብቻ ከሆነ ትምህርቱ የቃል ጥናት ሆኗል። መምህሩ «ዳቦ ልትገዛ ሄደህ ገንዘቡ ጠፋብህ፣ ለእናትህ እንዴት ትነግራታለህ?» ብሎ ልጆቹ የራሳቸውን ቃል እንዲፈልጉ የሚያደርግ ከሆነ ግን ልጅዎን ሳይሰጉ ያስገቡት።

ደኅንነትን በግልጽ መጠየቅ

ስለዚህ ጉዳይ ማፈር አያስፈልግም፤ ጥሩ አሠልጣኝም አይቀየምም። ትምህርቱ የሚሰጠው ከውጭ በሚታይ ክፍል ወይም በሩ በተከፈተ ክፍል መሆን አለበት፤ ለአንድ ልጅ ብቻ የሚሰጥ ትምህርት ከሆነ ወላጅ ወይም ሌላ አዋቂ እዚያው ይቀመጥ። በውዝዋዜና በሰርከስ አሠልጣኙ የልጁን ክንድ ወይም ወገብ ይዞ ማስተካከሉ የማይቀር ስለሆነ ምን ጊዜና እንዴት እንደሚነካ በቅድሚያ ለእርስዎም ለልጁም ይናገር። ልጁም ያልተመቸውን ነገር ወዲያው እንዲነግርዎ፣ ቢነግርዎም እንደማይቆጡት በተደጋጋሚ ይንገሩት። የልጁ ፎቶና ቪዲዮ በቲክቶክም ሆነ በፌስቡክ ያለ እርስዎ ፈቃድ እንዳይለቀቅ በምዝገባው ዕለት ይነጋገሩ። ልጅዎን ቴሌቪዥን ላይ አወጣዋለሁ ወይም ውጭ አገር እወስደዋለሁ ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ከሚጠይቅ ሰው ይራቁ።

ምዝገባና ጊዜ

ክፍያውን ሲጠይቁ የመሣሪያ፣ የልብስና የዓመት መጨረሻ ዝግጅት ወጪ ይጨምር እንደሆነ፣ ልጁ ታሞ ሲቀርም እንዴት እንደሚካካስ ይጠይቁ። የዓመቱን በአንድ ጊዜ አይክፈሉ፤ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ይሁን። ለመጀመር የሚመቸው ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ምክንያቱም ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ የክረምት ኮርስም በየቦታው ይከፈታል። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ የጠዋቱን ፈረቃ ይምረጡ። በሁለቱ ወር ልጁ ከወደደው በመስከረም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይቀጥል።

ከቤተሰብ የሚመጣውን ቅሬታ ማስተናገድ

«ልጁን አዝማሪ ልታደርገው ነው?» የሚል አያት ወይም አጎት በብዙ ቤት አለ። አዝማሪነት ለረጅም ዘመን ሙያው ሲወደድ ባለሙያው ግን የተናቀበት ሥራ ስለነበር ቅሬታው ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ልጁ እንዳይናቅ ከመፍራት ነው። አባቴም ይህንኑ ብለውኝ ነበር። ክርክር አልጀመርሁም፤ አንድ ቅዳሜ «አባባ፣ ብቻዬን አልችልምና ልጁን አብረን እናድርሰው» ብዬ ይዣቸው ሄድሁ። ዳር ተቀምጠው ሲያዩ ቆዩና ልጆቹ ፉከራ ሲለማመዱ መታገሥ አቃታቸው፤ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ፣ «እንዲህ አይደለም፣ ቃሉ ከማለቁ በፊት እግርህን አትንቀል» ብለው ለመምህሩ ጭምር አሳዩ። ከዚያ ቀን በኋላ ልጁን የሚያደርሱት እርሳቸው ሆኑ። በቤትዎ ያሉ አረጋውያን ሽለላ፣ ቀረርቶ፣ እንጉርጉሮ ወይም የልጅነት ጨዋታ ካወቁ ልጁ ከእነርሱ እንዲጠይቅ ያድርጉ፤ በክፍያ የማይገኝ ትምህርት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቤት

ልምምዱ በየቀኑ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሁን፤ እሑድ አንድ ሰዓት ተቀምጦ ከመልፋት ይህ ይበልጣል። ክራሩን ቁም ሳጥን ውስጥ አይቆልፉት፤ ልጁ ሲያልፍ እጁ በሚደርስበት፣ ነገር ግን ፀሐይና የምድጃ ሙቀት በማያገኘው ግድግዳ ላይ ይስቀሉት። በክረምት እርጥበት ቆዳው ስለሚረግብ ድምፁ ይወርዳል፤ አዲስ የናይለን ክርም በመጀመሪያዎቹ ቀናት እየተሳበ ከቅኝት ይወጣል። ስለዚህ ልጁ ከመቀመጡ በፊት እርስዎ በስልክዎ ላይ በሚጫን የመቃኛ መተግበሪያ ይቃኙለት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት ዋና ዋና ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ ልጁ ስማቸውን ከመሸምደዱ በፊት መምህሩ በያዘው በአንዱ ቅኝት ቀላል ዜማ በአፉ ቢያንጎራጉር ጣቱ በኋላ መንገዱን ያገኛል።

ሲሳሳት ከወጥ ቤት ሆነው አያርሙት። ማረም የመምህሩ ሥራ ነው፤ የእርስዎ ሥራ ሰዓቱ ሲደርስ ቴሌቪዥኑን ማጥፋትና መስማት ነው።

በውጭ አገር ለሚኖሩና በአቅራቢያቸው የክራር ወይም የእስክስታ መምህር ላላገኙ ወላጆች በቪዲዮ የሚሰጥ ትምህርት ይጠቅማል፤ ይሁንና በኢንተርኔት ድምፅ ስለሚዘገይ መምህርና ተማሪ እኩል መጫወት አይችሉም። መምህሩ ተጫውቶ ያቆማል፣ ልጁ ይመልሳል። አብሮ የመጫወቱን ክፍል ቅዳሜና እሑድ አማርኛ በሚማሩበት ማዕከል ወይም በቤተ ክርስቲያን ከሚያገኛቸው ልጆች ጋር ያሟሉለት።

መድረክና ማቆም

ለመጀመሪያው ዓመት መድረኩ ሳሎን ይሁን። ለአክስትና ለጎረቤት ቡና በተፈላበት ሰዓት የሚቀርብ የሦስት ደቂቃ ዜማ በቂ ነው። ልጁ እምቢ ካለ አይገፋ፤ በእንግዳ ፊት «ተጫወት እንጂ!» ተብሎ የተገደደ ልጅ ክራሩን ለወራት እንዳልነካ አይቻለሁ። ክፍሉ የዓመት መጨረሻ ዝግጅት ካለው ልምምዱ ለዝግጅቱ ሲባል ከሁለት ወር በላይ በአንድ ቁራጭ ላይ እንዳይታጠር መምህሩን ያነጋግሩ።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ ከመምህሩ ጋር ለብቻ ይቀመጡ፤ ልጁ ምን እንደቻለ፣ የት ላይ እንደቆመ፣ በክፍሉ ውስጥ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ይጠይቁ። ልጁ «አልሄድም» የሚል ከሆነ አስቀድመው ምክንያቱን ይለዩ፤ የደከመው ልጅ አንድ ሳምንት ሲያርፍ ይመለሳል፣ ጓደኛ ያጣው ልጅ አብሮት የሚሄድ የሰፈር ልጅ ሲያገኝ ይቀጥላል፣ የፈራው ልጅ ግን ምን እንዳስፈራው እስኪታወቅ ድረስ መሄድ የለበትም። ትምህርቱ ራሱ ካልተስማማው የጀመሩትን ወር ይጨርስ፣ መምህሩን ራሱ ሄዶ ያመስግን፣ የተዋሰውንም መሣሪያ በገዛ እጁ ይመልስ። ክራር የተወ ልጅ በሚቀጥለው ክረምት ድራማ ሊጠይቅ ይችላልና ያን ጊዜ «ያኛውንስ መች ጨረስህ?» ሳይሉ ከመጀመሪያው እርምጃ ይጀምሩለት።